የብቸኛው ጥላ

ጥር 6

አባዬን ዛሬ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ወሰድኩት ማለት ይቀልለኛል እንጂ ጎተትኩት። በሩ ላይ ስንደርስ ግን የተጎተትኩት እኔ ይመስል «ግቢ እንጂ፣ ሰው አናስጠብቅ» አለኝ።

ሐኪሟ በትንሿ መብራት ሁለቱንም ዓይኖቹን አየችና ወንበሯን ወደኛ አስጠጋች። ሐኪም ወንበር ሲያስጠጋ አልወድም። የዓይን ሞራው በሁለቱም በኩል ጠንቷል፤ የቀኙ ደግሞ አብጦ ዓይኑ ውስጥ ግፊት እየፈጠረ ነው። ቶሎ ካልተሠራ ያ ዓይን ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

«የካቲት አራት ቦታ አለኝ፣ አባባ። ያ ካለፈ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሞልቶብኛል» አለችው።

«ከየካቲት አሥራ ዘጠኝ በኋላ ይሁንልኝ» አለ አባዬ፣ ሱሪ እንደሚያሰፋ ሰው።

«ያን ቀን ምን አለ?»

«እንግዳ አለብኝ።»

ሐኪሟ እኔን አየች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፊደል ሰሌዳ አየሁ። እንግዳው ድንጋይ ነው ተብሎ ለሐኪም እንዴት ይነገራል?

ጥር 7፣ ማታ

እስቲ ልጻፈው፤ ሲጻፍ ጤነኛ ነገር ይመስል ይሆናል።

አባዬ ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ባለ ሦስት እግር መነጽሩን ተሸክሞ የሰው ድንበር ሲለካ ኖሯል። ወጣት ሳለ አንድ መጽሔት ላይ ስለ አንድ አስትሮይድ አነበበ። ከማርስ ወዲያ፣ ከጁፒተር ወዲህ፣ ድንጋዮች ቀበቶ ሠርተው ፀሐይን በሚዞሩበት ሰፈር የሚኖር ነው። ብረትም በረዶም አይደለም፤ ድንጋይ ነው፤ ስፋቱም ከከተማችን ብዙ አይበልጥም። ቁጥር እንጂ ስም የለውም። አባዬ «ብቸኛው» አለው፤ በዚያው ቀረ። ለምን እንደወደደው ሲጠየቅ «ማንም ያልቀየሰው ድንጋይ ስለሆነ» ይላል። እማዬ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ማታ ማታ ቴሌስኮፑን ግቢ ያወጣና «እስቲ ብቸኛውን ልጠይቀው» ይላል። እኔ መጋረጃ እየዘመዘምኩ በመስኮት አየዋለሁ።

የካቲት 19 ምሽት ላይ ይህ ድንጋይ በአንድ ኮከብ ፊት ያልፋል። ኮከቡን ሲጋርደው ጥላው ከተማችን ላይ ይሮጣል፤ ጥላው ውስጥ የቆመ ሰው ኮከቡ ለጥቂት ሰከንድ ድርግም ብሎ ሲበራ ያያል። አባዬ ያለበት የሰማይ ተመልካቾች ማኅበር አባላት በየሰፈሩ ተበትነው መቼ እንደጠፋና መቼ እንደበራ ይመዘግባሉ። መዝገቡ ጎን ለጎን ሲደረደር የድንጋዩ መልክና ስፋት ይወጣል።

«ሳንረግጠው ልንቀይሰው ነው!» ይላል አባዬ፣ የግራ ጫማውን ቀኝ እግሩ ላይ እያጠለቀ። ጫማ አይለይም። ኮከብ ግን እለያለሁ ባይ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አባቴን ሞኝ አልለውም፤ ወረቀት ነው።

ጥር 10

ታላቅ እህቴ ደወለች። ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ምክሯን በስልክ ትልካለች።

«አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው። በግድ ውሰጂው!»

«እሱን በግድ? እስቲ አንቺ መጥተሽ ሞክሪው።»

ወሬ ቀየረች። «ያ ሰዓት ሠሪስ?»

«የቱ?»

«ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነዋ! እውነትም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

ሰዓት ሠሪው ከመጋረጃ ሱቄ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ሰው ነው። የማኅበሩ አባል ነው። ከዚያ በላይ የሚጻፍ ነገር የለም። አምና አንድ ነገር ጠይቆኝ «አሁን ጊዜው አይደለም» ብየዋለሁ፤ አለቀ። ዛሬ ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሷል። ሁለተኛው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ከስንዴ ፍሬ ያነሰ ብሎን የሚያይ ሰው የራሱን ቁልፍ እንዴት አያይም?

ጥር 13፣ ማታ

ማኅበሩ እኛ ግቢ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሯ ፋርማሲስት ናት፤ ነገር ሁሉ እንደ መድኃኒት ከምግብ በፊት ከምግብ በኋላ ይመስላታል። ካሜራ ያለው በካሜራ ይቀዳል፤ የሌለው በዓይኑ እያየ ድምፅ መቅጃ ላይ ይናገራል። ሬዲዮው ሰከንዱን እየቆጠረ ጲጵ ጲጵ ስለሚል፣ ድምፁ አብሮ ሲቀዳ ሰዓቱ ይታወቃል። የእኛ ግቢ የጥላው ጫፍ ላይ ነው። ሊነካንም ላይነካንም ይችላል። ካሜራ ለእኛ አልተረፈም።

«እኔ አያለሁ» አለ አባዬ።

ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አየ። ብርጭቆውን ማየት ያልቻለው እሱ ብቻ ነው።

«አባባ» አለ ሰዓት ሠሪው ቀስ ብሎ፣ «ቴሌስኮፑን እርስዎ ያቁሙት፤ አይቶ የሚናገር ሌላ ሰው ይሁን።»

«ማን?»

«እኔ» አልኩ፣ የሻይ ትሪ ይዤ እንደቆምኩ። ቃሉን አፌ ውስጥ ማን እንዳስገባው አላውቅም።

«አንቺ? ባለፈው የጨው ዕቃው ፊትሽ ተቀምጦ ቤቱን ስታምሺው አልነበር?»

ሳቁብኝ። ተናደድኩ። ስናደድ ደፋር ነኝ። «ፈትነኝ! ካለፍኩ የካቲት አራት ሐኪም ቤት ትገባለህ፣ ያን ማታ እኔ አይልሃለሁ። ከወደቅኩ እንዳልክ።»

«በአንድ ሰው ዓይን ድንበር አይጸናም» አለ አባዬ። የቀያሾች ሕግ ነው፤ አንዱ ያየውን ሌላው ካላየው ችካል አይመታም። «ግን እሺ። ፈተናው እንደኔ ነው።»

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ትሪውን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። የአባቴን ዓይን በገዛ ዓይኔ ላይ አስይዤ መጣሁ እኮ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብኝ።

ጥር 15

ልምምድ ጀመርን። አጥሩ ላይ ካርቶን ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ አምፖል፣ ሳጥኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ። ያ ኮከብ ነው። ቴሌስኮፑ ለቅርብ ነገር ስለማይሆን የመጋረጃ ጨርቅ በሚጠቀለልበት ቱቦ ነው የማየው። አባዬ ረጅም ገመድ ያለው አሮጌ ማብሪያ ይዞ ከኋላዬ ይቀመጥና ባሰኘው ጊዜ ቀጭ ያደርገዋል። ሲጠፋ «ጠፋ»፣ ሲበራ «በራ» እላለሁ። አምፖሉን ባያየውም ጣቱ መቼ እንደተጫነ ያውቃል፤ ስዘገይ በምላሱ «ጭ!» ይላል።

ዛሬ ሲጠፋ «ውይ!» አልኩ።

«ውይ የሚባል መለኪያ የለም» አለኝ።

እንደገና ጠፋ። «ውይ!» ነገር ድንገት ሲጠፋ አፌ ሌላ ቃል አያውቅም።

ጥር 19

ወደቅኩ። የጎረቤት ልጅ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፍቶ ሐሳቤ ተበተነ። አንዱንም በጊዜው አልያዝኩም።

ለአንዲት ደንበኛ መጋረጃ አሳጥሬ ቆረጥኩ። ቀን ቀን ጨርቅ፣ ማታ ማታ አምፖል። እህቴ በጽሑፍ መልእክት ሦስት የጥያቄ ምልክት ልካለች፤ ሌላ ምንም።

ጥር 22

ጎረቤት የለም፤ ግቢው ፀጥ ብሏል። ሁሉንም ያዝኩ! አንዱን እንዲያውም አስነጥሶኝ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለ ነው የያዝኩት። ተሰጥኦ ሳይሆን አይቀርም። አባዬ «እህ» አለ፤ በእሱ ቋንቋ ጭብጨባ ነው። ዓይን ፀጥታ ይወዳል ማለት ነው።

ጥር 27፣ ማታ

አለፍኩ! አለፍኩ!

ሰዓት ሠሪው ምስክር ሆኖ ተቀምጦ ነበር፤ በዚያ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ በዚያ ቁልፍ። አንድም አልሳትኩ። አባዬ ማብሪያውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ «አልፈሻል» አለ፣ በትንሽ ድምፅ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር፤ ልጁ ስትጎብዝበት አባትም ይደነግጣል። ሰዓት ሠሪው ማብሪያውን አንስቶ ቀጭ ቀጭ አደረገና አባዬን አየው። አባዬም ወደ እሱ ዞረ። ወንዶች ማሽን ሲይዙ እንዲህ ናቸው።

የካቲት 3

ቦርሳውን ሦስት ጊዜ አሰረ፣ ሦስት ጊዜ ፈታ። ግቢ ወጥቶ ወደ ሰማይ አንጋጦ የሆነ ነገር ሲያጉተመትም ሰማሁት። ሲመለስ «እውነት ታያለሽ?» አለኝ።

«አያለሁ።»

«እንግዲያው ሰበብ አጣሁ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። የካልሲውን ጓደኛ እየፈለግኩ ነበር።

የካቲት 4

ገባ። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሲቀይስ የኖረ ሰው ነርሷን «ሌላ ቀን ብመጣስ?» አላት። «ኧረ አባባ፣ እንግዳዎ ይቀየማል!» አለችው፤ ሐኪሟ ነግራታለች ማለት ነው። ሳቀና ገባ።

እኔ ውጭ። ብወድቅ ይሻል ነበር? ባልጎተጉተውስ? አንድ ነገር ቢሆን እኔ ነኝ። የመጠበቂያው ክፍል መጋረጃ ዘርፉ ተተርትሯል። መርፌና ክር ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ ወንበር ላይ ወጥቼ ሰፋሁት። ሰዓት ሠሪው ምሳ ይዞ ደርሶ ወንበሩን ያዘልኝ።

ወጣ። ደህና ነው። ደህና ነው።

የካቲት 5

ሐኪሟ ሽፋኑን አነሳችለት። አባዬ መጀመሪያ እጁን አየ፤ ቀጥሎ መስኮቱን፤ ቀጥሎ እኔን። እኔ ላይ ቆየ።

«መቼ ነው የሸበትሽው?»

«ትናንት፣ አንተን ስጠብቅ።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። «ስንት ዓመት ሆነኝ ካየሁሽ?» አለ ለራሱ። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ «ቁርጥ እናትሽን» አለ። እጄን ልታጠብ ብዬ ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በደንብ አለቀስኩ።

ቤት ስንገባ ግን ተመልሶ ራሱን ሆነ። ጣሪያው ጥግ የሸረሪት ድር አገኘ። የሳሎኑን መጋረጃ «ይሄ አረንጓዴ ነበር እንዴ? ማን መረጠው?» አለ። ማጎንበስ ክልክል፣ ማንሳት ክልክል፤ ዓይኑን የሚነካ ነገር ሁሉ ለሳምንታት ክልክል። ቴሌስኮፕ ጭራሽ አይታሰብም። ግራው እንደሆነ ተራው ገና ነው። ስለዚህ በአሥራ ዘጠኝ ያለችው ዓይን የእኔዋ ብቻ ናት።

የካቲት 9

ሰዓት ሠሪው በሻይ ሰዓት መጥቶ ሳይጠየቅ ማብሪያውን ፈታ። ውስጡን አጽድቶ፣ ዘይት ጠብ አድርጎ ገጠመው። «አሁን እንደ ቅቤ ነው» አለ። እጁ ሥራ ካልያዘ አይሆንለትም።

የካቲት 10፣ ማታ

ጉድ ሆንኩ።

ዛሬ ማብሪያውን ሰዓት ሠሪው ያዘልኝ፤ አባዬ መኝታ ቤት ተጋድሟል፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ቱቦውን ይዤ ተቀመጥኩ። ቆየሁ። «ጀምር እንጂ» አልኩት።

«ሰባት ጊዜ አጥፍቻለሁ» አለኝ።

መጀመሪያ ያሾፈብኝ መሰለኝ። ከዚያ ገባኝ፤ ፊቴ ጋለ። ማብሪያው ቀጭ አይልም። ለካ እኔ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም፤ በጆሮዬ ነበር የማየው! በሙዚቃው ቀን የወደቅኩት ለዚህ ነው። ጨፍኜ የያዝኩትም ለዚህ ነው። ተሰጥኦ ብዬ ጽፌያለሁ፣ እዚሁ ደብተር ላይ። ገጹን ልቀድደው አስቤ ተውኩት፤ ይቀመጥና ይሳቅብኝ።

ከሳቁ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ። አባዬ ቢላ ሥር የተኛው እኔ አያለሁ ብየው ነው። አርባ ዓመት የጠበቀውን ምሽት ለዕውር አስረከበ። ልንገረው? ዓይኑ እስኪድን እንዳይናደድ ተብሏል። እሱ ደግሞ በመስኮት «ጥሩ ነው፤ ቀጥዪ» ብሎ ጮኸ። ጥሩው የቱ እንደሆነ እንጃ።

የካቲት 14

በየምሽቱ እንለማመዳለን። ሰዓት ሠሪው አንድ ነገር አስተማረኝ፦ ደብዛዛ ነገር ሲታይ አይፈጠጥበትም፤ ከጎኑ ትንሽ አለፍ ብሎ ማየት ነው። እውነት ነው! ጎኑን ሳየው እሱ ይጎላል።

«ይህን ከማን ተማርክ?» አልኩት።

«ሱቅ ውስጥ። አንቺን ፊት ለፊት ካየሁሽ ትቆጪኛለሽ።»

«ና፣ ቁልፍህን ልስፋልህ» አልኩት። ሰፋሁለት። ክሩን በጥርሴ ስበጥስ ትንፋሹን ያዘ። ይሄ ለምን እንደሚጻፍ አላውቅም።

ከአሥር ስድስት ያዝኩ። በዓይኔ።

የካቲት 17

ከአሥር ስምንት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ግን የቀሩት ሁለቱስ?

የካቲት 19፣ ከሰዓት በኋላ

ደመና! ከጠዋት ጀምሮ። ፋርማሲስቷ በየሰዓቱ ትደውላለች። አባዬ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ግቢ ተቀምጧል፤ ደመናውን ኪራይ እንዳልከፈለ ተከራይ ያፈጥጥበታል። ከሱቅ ብርሃን የማያሳልፈውን ወፍራም ጨርቅ አምጥቼ የመንገዱን መብራት የሚከልል ድንኳን ሰፋሁ። ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ መቅጃ፣ ሁለት ወንበር።

ፈካ! ፈካ!

ያው ምሽት፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ

አባዬ ቴሌስኮፑን በእጁ እየዳሰሰ፣ እኔ እያየሁ «ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ በቃ» እየተባባልን ኮከቡን አገኘነው። ሬዲዮው ጲጵ ጲጵ ይላል። አባዬ ከጎኔ ተቀምጦ ትከሻዬን በአንድ ጣት ነክቶኛል። ሰዓቱ ደረሰ። ሳልፈጥጥ፣ አለፍ ብዬ አየሁ። ኮከቡ ነበር። ነበር። አሁንም ነበር። ሰዓቱ አለፈ። ኮከቡ ንቅንቅ አላለም።

«አልጠፋም፣ አባዬ» አልኩ።

«ዓይንሽን አታንሺ። የመመዝገቢያው ጊዜ ገና አላለቀም።»

አላነሳሁም። እያየሁ ስለ አባዬ አስባለሁ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምንም። ከዚያ አንድ አፍታ... «ውይ!» አልኩ።

«ምነው?»

«የአበባው ማሰሮ። እግሬን መታኝ።»

አባዬ ጣቱን ከትከሻዬ አላነሳም። ጊዜው ሲያልቅ መቅጃውን ራሱ አጠፋው።

ማሰሮው እግሬን አልመታኝም። የሆነ ነገር ድርግም ያለ መሰለኝ። ግን ከአሥር ሁለቱን የምስት ሰው ነኝ፤ ጨፍኜ ሊሆን ይችላል። ሐሳቤም ሌላ ቦታ ነበር።

የካቲት 20

ለፋርማሲስቷ «አልታየም» ብዬ ላክሁ። አጽናናችኝ፦ አለመታየትም መረጃ ነው፣ የጥላውን ጫፍ ያሳያል። ሌሎቹ አምስቱ አይተዋል። ሰዓት ሠሪው ካሜራው የያዘውን ቆርጦ ልኮላታል፤ ድንጋዩ ሞላላ ነው፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ። አባዬ ሲሰማ እንደ ልጅ አጨበጨበ። ቅር ያለው አይመስልም። እኔ ቅር ብሎኛል።

የካቲት 24

አባዬ ቅጂውን ደጋግሞ ይሰማል። ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ፣ «ውይ!»፣ ጲጵ። ቤት ውስጥ የትም ብሄድ የራሴ ውይታ ይከተለኛል። ዛሬ ምሳ ላይ ረጋ ብሎ «የአበባው ማሰሮ ያን ቀን የት ነበር?» አለኝ።

«እግሬ ሥር።»

«ድንኳኑን ስትተክዪ አንስተሽ በረንዳ ላይ አላስቀመጥሽውም? በአዲሱ ዓይኔ አይቼሻለሁ።»

ቲማቲም መክተፍ ቀጠልኩ።

የካቲት 26፣ ማታ

ቁጭ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም፤ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ሰዓት ሠሪው የሱቁን በር ሳይዘጋ እየሮጠ መጣ። አባዬ ለካ በስልክ «ሙሉውን ቪዲዮ እየው፤ የተቆረጠውን አይደለም። ልጄ ውይ ያለችበትን ሰዓት ልስጥህ» ብሎታል። ሰዓት ሠሪው ዋናው ግርዶሽ ካለፈ በኋላ ያለውን ትርፍ ነው ብሎ ቆርጦ ነበር የላከው። አየው። እኔ ውይ ባልኩበት፣ በዚያችው ሰከንድ፣ የእሱም ኮከብ ድርግም ብሏል። እሱ ያለው ከእኛ ወዲያ ማዶ ነው፤ የእኔ ዓይን መጨፈን የእሱን ካሜራ አያጨልምም።

ድንጋዩ ጓደኛ አለው። ትንሽ ድንጋይ፣ እየዞረው። ፋርማሲስቷ እንዲህ ያለውን መዝገብ ለሚሰበስቡት ልካዋለች፤ ሌሎች እስኪያረጋግጡ ድረስ «ሳይሆን አይቀርም» በሉ ብላናለች፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

«በሁለት ሰው ዓይን» አለ አባዬ።

የካቲት 27

ዛሬ ልነግረው ቁጭ አልኩ። «አባዬ፣ ያ ፈተና...»

«ማብሪያው ቀጭ ይል ነበር» ብሎ ጨረሰልኝ። «ከገዛሁት ቀን ጀምሮ እንዲያ ነው። የታመመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን አሳለፍከኝ?»

የሻይ ብርጭቆውን አዞረ፣ አዞረ። «ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። ቢላውን። ድንጋዩን ሰበብ አደረግኩ። አንቺ ካለፍሽ ሰበቤ ያልቃል፤ እንዲያልቅ ደግሞ እፈልግ ነበር። ዘይቱንም እኔ ነኝ ያስደረግኩት፤ ከዚያ ወዲያ የምታዪው የራስሽ እንዲሆን ብዬ።»

ሁለቱም አሲረውብኛል! ልቆጣ ስል ቀደመኝ።

«ለድንጋይ ብዬ ዓይኔን ለቢላ የሰጠሁ ይመስልሻል? እኔ እስካላየሁ ድረስ አንቺ ከዚህ ቤት አትነቃነቂም። ለዚያ ልጅ በአጥር ሥር ‹አሁን ጊዜው አይደለም› ስትዪው ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ጤነኛ ነው አልኩሽ።»

ከጎኑ ተቀምጬ ራሴን ትከሻው ላይ ጣልኩ። እህቴ ይህንኑ ነገር ስንት ዓመት በስልክ ስትነግረኝ ነበር፤ እሷ ስትለው ምክር ነበር፣ እሱ ሲለው አለቀስኩ።

መጋቢት 22

ሐኪሟ ፈቀደች። አዲሱ ዓይኑ ደህና ነው፤ ግራው በሚያዝያ ይሠራል፣ ያለ ሰበብ።

ምሽት ላይ ሦስት ወንበር ግቢ አወጣን። ሰዓት ሠሪው ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሷል፤ ቁልፉ ጠንክሮ ቆሟል፣ የእኔ ስፌት ነው። አባዬ ዓይኑን ቴሌስኮፑ ላይ አደረገ።

«አየኸው?» አልኩት።

«አየሁት። ያው ነጥብ ነው። ጓደኛውን በእኛ መነጽር መለየት አይቻልም፤ መኖሩን ማወቅ ነው እንጂ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አርባ ዓመት ሙሉ ብቸኛ እያልኩ ስሙን አጠፋሁት እኮ። ቆይ፣ ይቅርታ ልጠይቀው።»

ተመልሶ አጎነበሰ። ቀና እንደማይል ገባኝ። ወደ ሰዓት ሠሪው ዞርኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፍ ብዬ ሳይሆን ፊት ለፊት አየሁት።

«አምና የጠየቅከኝን ነገር፣ አሁን ብትጠይቀኝ ጊዜው ነው» አልኩት።

«ውይ!» አለ።

«ውይ የሚባል መለኪያ የለም» አልኩት።

አባዬ ዓይኑን ከቴሌስኮፑ ሳያነሳ «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።